የመጨረሻው ጥቅል

ያኔ ከቦነስ አይረስ ሐሙስ ባቡር ይመጣል፣
አቧራው ሳይበርድ ሊሳንድሮ ይደርሳል፤
በእጅ ጋሪው ጭኖ ስድስት ጥቅል ፊልም
እስከ ሲኒማው በር ይገፋል፣ አይቆምም።
ዴልሚራ ከመስኮት ትኬት ትቆርጣለች፣
አባቴን፣ ሳንቲም ሲያጣ፣ በዕንቁላል ታስገባለች።
ዝናብ የጣለ ለት፣ ቆርቆሮው ሲያጓራ፣
ተዋናዩ ዝም፤ ሕዝቡ ነው የሚያወራ።

አንድ ሐሙስ፣ በመከር፣ አምስት ጥቅል መጣ።
ስድስተኛው የለም።
ልጅቷ ደረጃው ላይ፣ ሻንጣ ይዛ ልትወጣ፣
ሰውየው በሩ ላይ፣ እጁን ወደ ኪሱ —
ነጭ ሸራ ብቻ።
«የዛሬ ሳምንት ይመጣል፤ እባካችሁ ታገሡ።»

ባቡሩ ግን ቀረ። ሐዲዱን ሣር በላው።
ሲኒማው ተሸጠ፤ የሱፍ ፍሬ ሞላው።
ከወንበሮቹ ሁለት ጸጉር ቤት ገብተዋል፤
ሥጋ ሻጩ አልሲዴስ እዚያ ተቀምጦ
«ኪሱ ውስጥ ያለችው ቀለበት ናት» ይላል፤
ጸጉር አስተካካዩ ምላጩን አቁሞ፣
«ሽጉጥ ነው! ገድሏታል።»
አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ።

እሑድ ለት ማምሻ
ዴልሚራ ደጄ ላይ፣ ጎብጣ፣
በመሐረብ ቋጥራ ሁለት ዕንቁላል፤
«ያባትህ ነው» አለች፣ «ላላየው መጨረሻ።»
አንዱ ገና ይሞቃል።