መንታዋ

ጣሪያችን ያፈሳል፤ ባልዲው ሞልቶ ፈሷል፤
ኦስዊን ግን በጠዋት ሄሬፎርድ ለሐራጅ ሄዷል።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት ሽጉጥ ይፈልጋል፤
በእንቅልፍ ልቡ እንኳ «ቁጥር አንድ» ይላል።

እኛ ቤት ያለችው ቁጥር ሁለት ናት፤
የበርሚንግሃም አንጥረኛ በብር የለጎማት፣
ሰደፏ የገውዝ እንጨት፣ ከመዳፍ መሐል የምትገባ፣
መንጋጋዋ ባልጩት የነከሰ፣ አንገቷ ላይ የብር አበባ።
ሳጥኗ ሁለት ጎድጓዳ አለው፣ በአረንጓዴ ከፈይ የተለበጠ፤
በአንዱ እሷ ተኝታለች፣ ሌላው ባዶ ነው፣ ጣሪያ ጣሪያውን እንዳፈጠጠ።
ማታ ማታ ያሻሻታል፣ በዘይትና በጨርቅ፤
እኔን ግን «ወገብሽን አመመሽ ወይ?» ብሎም አያውቅ።

ሲመሽ ተመለሰ፣ ዝናቡን ከኮቱ አራግፎ፣
አንድ የጋዜጣ ጥቅል እንደ ጨቅላ ታቅፎ።
ሚስስ ፕሮበርት የምትባል ባልቴት ቤት ነው የተገኘችው፤
ለበር ማቆሚያ ነበር ስልሳ ዓመት ያገለገለችው።
«ስንት ከፈልክ?» አልኩት። ዝም። ጆሮው ቀላ።
የጣሪያው ገንዘብ እንደሆነች የገባኝ ኋላ።

አስተኛት ከመንታዋ ጎን፤ ጎድጓዳው ልኳ ሆነላት፣
ከመንገድ የገባች እህት አልጋዋ እንደ ቆየላት።
ከዚያ ልኩን ሊያይ ቀጭን ዘንግ በአፈሙዟ ሰደደ፤
ሁለት ጣት ሲቀረው ቆመ እንጂ ታች አልወረደ።
«ጎርሳለች» አለ በሹክሹክታ። እጁ ተንቀጠቀጠ።
ሻዬን አስቀመጥኩ። የግድግዳው ሰዓት ብቻ ነበር ያላቋረጠ።

የኛይቱ አፍ ጥቁር ነው፣ ባሩድ የላሰው፤ ተኩሳለች፤
ይቺ ግን ሁለት መቶ ዓመት ጥይቷን ጎርሳ ኖራለች።
አንድ ማለዳ፣ ሳሩ ጤዛ እንዳዘለ፣ ሁለት ወንዶች ተያዩ፤
ኮታቸውን አውልቀው፣ በሃያ እርምጃ ተለያዩ።
አንዱ ተኮሰ። ሌላው
ወይ ቀድሞ ወደቀ፣
ወይ ጣቱ፣ ቃታው ላይ፣ ሰው መሆኑን አወቀ።
ኦስዊን እስኪነጋ መጻሕፍቱን አገላበጠ፤
የሠሪ ስም፣ ማኅተም፣ ዓመት አለ፤ ስለዚያች ጣት ማንም መልስ አልሰጠ።

በማግስቱ በጠምዛዛ ሽቦ ጎትቶ አወጣት፤
ከሽምብራ ትንሽ የምትበልጥ እርሳስ፣ መዳፌ ላይ ጣላት።
ባሩዱን ውሃ አርሶ ጽጌረዳው ሥር ደፋው።

እነሆ ክረምት ዞረ። ባልዲውን እኔው እደፋለሁ፤
ጥይቷን ከአዝራሮቼ ጋር በጣሳ አኑሬያታለሁ።
የኦስዊን ሸሚዝ አዝራር ሲበጠስ፣ ዳብሼ ስፈልግ በጣቴ፣
እሷ ትቀድመኛለች፣ ቀዝቃዛ፤ ይዣት እቆማለሁ መሐል ቤቴ፣

ጠብ፣
ጠብ፣ ይላል ጣሪያው።