ይድረስ ለፋብሪካው

ይድረስ ለፋብሪካው፣ ባሕር ማዶ ላለው፤
ስሜ ሽብሩ ነው፣ መኪናው የናንተ ነው።
ከአዳማ ወንጂ፣ ከወንጂ አዳማ
ሃያ ሁለት ዓመት ሮጠ ሳያቅማማ።
ጧት ሠራተኛ ነው፣ ማታ ሽንኩርት ጭነቱ፤
ሁለት ልጅ ተወልዷል ከኋላ ወንበሩ፣
አንዱን አውቀዋለሁ እስከነ እናቱ።

ባለፈው ሚያዝያ ድልድዩ ጋ ነከሰ፤
ነጭ ጭስ ተነሣ፣ መስታወት አለበሰ።
ዘይቱን ሲመዝዙት ማኪያቶ ይመስላል።
ገመቹ ከፈተው፤ «ቴስታው ተሰንጥቋል፣
ቢየላው ጎብጧል፣ ኮሎው ተፋፍቋል፣»
አለና ዝም አለ።
መካኒክ ዝም ሲል ዋጋው ይጨምራል።

አራት መቶ ሺህ ብር።
የኔ ዕቁብ ወጥቷል፣ ወጥቶም ተበልቷል፤
መጣሉ ነው እንጂ መውሰዱስ አብቅቷል።
እናም ግማሹን ብታግዙኝ አልኩኝ፤
ግማሹ ከከበደ ሩቡን ቻሉልኝ፤
ሩቡም ካልሆነ ቴስታውን ላኩልኝ፣
አሮጌም ቢሆን።

«እለምናለሁ» ያልኩትን ሲፈን ዘለለችው፣
«አሳስባለሁ» ብላ በእንግሊዝኛ ጻፈችው።
አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ አባቷ አይለምንም።
ላርማትም ብፈልግ ቋንቋውን አላውቅም።

በሰባተኛው ወር ፖስታ ቤት ጠሩኝ።
ወፍራም ወረቀት፣ ዓርማው ጎላ ብሎ የወጣ፤
ሲፈን አነበበችው ቀስ ብላ፣
እንደ ሰው ፈተና ውጤት።
«ውድ ደንበኛችን፣
ዋስትናው ካበቃ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል።
የላኩልን የሞተር ቁጥርም ከመዝገባችን የለም።
ሻንሲው የኛ ነው።
ሞተሩን አናውቀውም።»

ሳቄ መጣ።
እውነታቸውን ነው፤ ሞተሩን የገዛሁት
ጅቡቲ መንገድ ላይ ከተገለበጠ ሰው ነው፤
ራዲያተሩ የሟች ታክሲ፣
ፒስተኑን ቶርኖ ቤት አስልተን አስገባነው፤
መሪው ብቻ ሳይሆን አይቀርም
ከነሱ ጋር እንደመጣ የቀረው።

ደብዳቤውን ይዤ ገመቹ ጋ ሄድኩ፤
የአዳማ ንፋስ ሊቀማኝ ሁለቴ ሞከረ።
ገመቹ አላነበበም።
በጣቱ ፈተገው፣ ወደ ብርሃን አነሣው፣
«ጥሩ ወረቀት ነው» አለ፤
የውሃ ፓምፑ ላይ አነጠፈና
በመዶሻ ጫፍ ዳር ዳሩን መታ መታ አድርጎ
ጋርኒሲዮን አወጣበት።
«ውድ ደንበኛችን» የሚለው
በብሎኑ ቀዳዳ ዙሪያ ተረፈ።

«ይኸው፣ ረዱህ» አለኝ።
የቀረው ዋጋ እንደቆመ ነው።
መኪናውም።