ሦስተኛው ላይ ዝም

ወደቡ ዳር ነበርኩ፣ ከዋርካው ሥር፣ ጥላ ላይ፣
የጀልባዬን ሞተር ዘርግፌ ሆዱን ሳይ፣
እጄ እስከ ክርኔ ግራሶውን ለብሶ፣
አንዷ ካንዴላ ጠቁራ ልትሞት ነው ጨርሶ።

አትጠገብ መጣች፣ የእህቴ ትንሿ ልጅ፣
የትምህርት ቤት ላፕቶፕ አቅፋ በሁለት እጅ።
«አጎቴ» አለችኝ «ዜማ ልሠራ ነው፣
ከማንም ያልሰማሁት፣ የራሴው የሆነው።»

ክራር የላት፣ መሰንቆ የላት፣ ዋሽንት አታውቅ፣
ድምጿም (ዘመድ ነኝና ልናገር) ሠርግ አያደምቅ፤
ያላት ባለ ቀለም ጡብ ነው፣ መስታወት ውስጥ፣
አንዱን ጎትታ ካንዱ ስታጋጥም፣ ስትመርጥ፤
ሐምራዊው ድምፅ ነው፣ ብርቱካኑ መድገሚያ፣
ቢጫው ከሁሉ በፊት፣ መነሻ፣ መቅደሚያ።
«ስድሳ፣ ስድሳ ሁለት፣ ስድሳ አራት» ትላለች፣
ለድምፅ እንደ ቲኬት ቁጥር ቆርጣለታለች፤
ከሰባቱ ሁለቱን አንስታ ስትጥል ወዲያ፣
ትዝታ ቅኝት ገባ፣ ያ የቆርቆሮ ድምፅ፣ ያ!

እኔም ልጅ ሳለሁ፣ ደሴቱ ላይ፣ ዜማ ቤት ገብቼ፣
ሁለት ክረምት ቆየሁ፤ ሦስተኛው ላይ ወጥቼ
ቀረሁ።
ድፋት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ከፊደሉ አናት ላይ፣
እንደ ጉንዳን ሰልፍ ሲሄዱ ከማየት በላይ
የገባኝ አልነበረም።
የኔታ «ድገም» አሉኝ፤ ደገምኩ፤ «ድገም» አሉኝ፤ ደገምኩ፤
ሐይቁ ሲደግም ኖሮ አልደከመው፤ እኔ ደከምኩ።

ዛሬ ያቺው «ድገም» ጡብ ላይ ተጽፋ መጣች፣
«ስንት ጊዜ?» ብላት፣ «ለዘላለም» አለች።
ቀና ብዬ አየኋት፣ ያቺን ልጅ፣ አትጠገብን፤
ስም ያወጣላት ሰው ዜማ አውጥቶ ኖሯል፣ እኛ ሳናውቅ፣ ሳናስብ።

ግን ዜማው ልክ ነበር። ልክ ብቻ። ደረቅ።
እንደ ባንክ ቤት ወለል ተወልውሎ የሚያብረቀርቅ።
አሥር ጊዜ ሰማችው። ቁጥር ቀየረች። መለሰች።
በአሥራ አንደኛው፣ አትጠገብ ጠገበች።
ክዳኑን ዘጋችው።

እኔም ወደ ሥራዬ፤ ገመዱን ሳብኩት፣ ተነሣ፣
አስሎ፣ አስሎ፣ ጭሱን ወደ ሐይቁ እያስገሳ፦
ዱም፣ ዱም፣ … ዱም።
ዱም፣ ዱም፣ … ዱም።
አራት ሲሊንደር ነው፣ ሦስተኛው ላይ ዝም።

መፍቻዬን ሳነሣ፣ «ተው! አትንካው!» አለች፤
የላፕቶፑን ጆሮ ወደ ሞተሩ አስጠጋች።
ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ፣ ጭሱን እየማገች፣
ከየአራቱ ጡብ አንዱን፣ ሦስተኛውን አወጣች፤
በስፍራው «ዕረፍት» የሚል ባዶ ጡብ ተከለች።

ያኔ ዜማው ነፍስ ዘራ።

እንዴት ልንገራችሁ?
በደንገል ታንኳ ላይ፣ ቀዛፊው መቅዘፊያውን ሲያነሣው፣
ጠብታው ሳይወርድ፣ ጫፉ ውኃውን ሳይነካው፣
በመሃል ያለችው፣ ስም ያልወጣላት፣
ያቺ ናት።

ማታ መብራት ጠፋ፣ ከሽምብጥ እስከ ግሽ ዓባይ።
ባትሪው ሦስት በመቶ ነው፤ እኔ ነኝ የጮህኩት፣ ቁጥሩን ሳይ፦
«አስቀምጪው!»
«አስቀምጫለሁ።»
«በምን ስም?»
«የአጎቴ ሞተር።» ሳቀች። በጨለማው ጥርሷ ብቻ ሲታየኝ።

እሁድ ካንዴላዋን ለወጥኩ። ግድ ነው። ሰኞ ወደ ዘጌ
ጌሾ ሊጭን፣ ለቅሶ ሊደርስ፣ ሕዝቡ ይጠብቃል ደጄ።
አራቱም ሲሊንደር እኩል ተናገረ፣
መንገደኛው «እጅህ ይባረክ» አለ፣ ተሻገረ።

እኔ ግን መሃል ሐይቅ ላይ፣ መሪውን በብብቴ ይዤ፣
አንድ ነገር እንደ ጠፋበት ሰው ተክዤ፣
በመፍቻዬ ጫፍ ባዶውን ጄሪካን መታሁ፦
ዱም፣ ዱም፣

ዶሮ ያቀፈች ሴት ዞር ብላ
ሦስተኛውን ጠበቀች፣



ዱም።