አንገተ ደንዳና

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፤ ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር።
ስድስት ሆነን ባንድ ክፍል፣ አንዱ ሲያንኮራፋ፣ አንዱ በቅዠት ሲናገር፣
ኤሲው በረዶውን ማጅራቴ ላይ ሲተፋ
እኔ ነቅቻለሁ።
ድካም አይደለም ይሄ፤ ድካምማ ቢሆን በእንቅልፍ በጠፋ።
ይሄኛው በተኛሁ ቁጥር የሚነሣ ነው፣
ጋደም ስል ጠብቆ ፈረቃውን የሚጀምር።

የመነሣት ሥርዓት አለኝ፤
አስቀድሞ በጎን፣ ቀጥሎ በክርን፣
ከዚያ ራሴን በሁለት እጄ ደግፌ
እንደ ሰው አደራ፣ እንደ ተሰነጠቀ ገንቦ
ቀስ አድርጌ ከትራስ አትርፌ።

ዶክተር ራንያ ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቅላ
በብዕሯ ጫፍ የአንገቴን መሰላል እርከን በእርከን ተከትላ
«አጥንት ካጥንት ሊገጥም ነው» አለችኝ።
ሽማግሌ ሳይላክ፣ ጥሎሽ ሳይቆረጥ፣
እኔ ሳልሰማ በገዛ ማጅራቴ ጋብቻ ሲፈጸም!
«መርፌህን ሳታቋርጥ። ትራስህ ሳሳ ያለ ይሁን።
ከሁሉ በላይ ግን ዕረፍት አታብዛ፣ ተንቀሳቀስ» ብላ ስታዝ
ሳቄ አመለጠኝ።
ይህን መድኃኒትማ አለቃዬ ሰባት ዓመት
ያለ ማዘዣ በነፃ ሲሰጠኝ ኖሯል።

መርፌዬ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው፣
በሺፋው እርጎና በኢምራን ዶሮ መሐል፤
ቫይታሚን ነው ብያቸዋለሁ።
ኢንሹራንሱ ግማሹን ይከፍላል፣
የቀረው ግማሽ በዚያች ቀጭን አፍንጫ
የወንድሜን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤታችንን ቆርቆሮ ይዞ
በየሁለት ሳምንቱ ጭኔ ውስጥ ይገባል።

ነሐሴ ግን ደግ ነው ለኔ።
ጣሪያ ላይ ታንከሩ ቀን ሙሉ ተቀቅሎ ስለሚያመሽ
ቀዝቃዛው ቧንቧ ራሱ ያቃጥላል፣
ጓደኞቼ ይራገማሉ፤
እኔ ከሥሩ ቆሜ፣ ግንባሬን ግድግዳው ላይ አሳርፌ፣
በጸበል ወረፋ እንደቆመ ሰው ዝም።
እስኪላላ። አንዲት ጣት ታህል እስኪላላ።

ከኋላዬ ተጠራሁ አንድ ቀን፣ በሮላ ገበያ፤
«አንተ ይርዳው!» ይላል፣ የሰፈሬ ልጅ ሸዋቀና።
ድምፁን አውቄዋለሁ። ግን እስክዞር፣
እግሬን፣ ወገቤን፣ ደረቴን አስከትዬ እስክዞር፣
ሕዝቡ መሐል ጠፋ።
ማታውን ወሬው አገር ቤት ደረሰ፦ ኮርቷል። አንገተ ደንዳና።
እናቴም በስልክ፦ «አንገት የተፈጠረው ዞሮ ለማየት ነው፣ ልጄ።»
ምን ልበላት?
ስልኩን ከፍ አድርጌ የያዝኩት ማጎንበስ አቅቶኝ መሆኑን
በምን አንደበት?

ቢጫው አውቶቡስ ላይ አራት መስታወት ጨመርኩ በገንዘቤ፣
ሁለቱ ክብ፣ አንዱ ጥጉ የተሰነጠቀ፤
ኋላዬን ሁሉ ፊቴ አሰለፍኩት።
የፊት ወንበሯ ልጅ፣ ሜይራ፦ «ዐሞ፣ ለምን እንደ ሮቦት ትዞራለህ?»
አገሬ ቢሆን ጅብ ይሉኝ ነበር፤ ሮቦት ይሻላል።
«ባትሪዬ አርጅቶ ነው» አልኳት።
አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። ሊሲ፣ ረዳቴ፣ የኬረላዋ ሰው፣ አልሳቀችም።

ሊሲ ጠይቃኝ አታውቅም።
መንጃ ፈቃዴ ሊታደስ፣ የሐኪም ምርመራው ሊደርስ
ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ የነገርኳት ፍርሃት የለም፤
ግን ከዚያን ሰሞን ጀምሮ በየማዞሪያው
በሩ ደረጃ ላይ ቆማ፣ አንገቷን እንደ ሽመላ አስግጋ
በተሰባበረ ዐረብኛ ትጣራለች፦
«ግራው ሰላም ነው።»

ዛሬም ጧት፣ ጉም ከባሕሩ ተነሥቶ
አራቱም መስታወቶቼ በወበቅ ታውረው፣
«ግራው ሰላም ነው» አለች።
ሳላይ አመንኩ።
መሪውን አዞርኩ።