ቁልፍ

ቦዶ ላይ፣ በኅዳር፣ ፀሐይ ለአመሏ ብቅ ብላ በምትገባበት፣
ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት፣ ካፖርቴን ደርቤ፣ ልቤ ቀድሞኝ ቤት በገባበት፣
አርባ አንድ ልጆች ከፊቴ ነበሩ፣ አንድ ሰንጠረዥ ተኝተውበት፦
ስማቸው፣ የተሸሸጉበት ደጅ፣ የሚማሩበት፣
ማን እንዳይደርስባቸው፣ ማን እንደ መታቸው የተጻፈበት።

ለአስላክ ልልክ ነው፤ ታች ፎቅ ላለው፣ ለባልደረባዬ።
«አስ» ብዬ ስጀምር ማሽኑ ቀሪውን ሞላልኝ፣ እንደ ሎሌዬ።
ቁልፏን ተጫንኩ።

ቁልፍ መዝጊያ ነው ብዬ ነበር የማውቀው፤
ያቺ ቁልፍ ግን አርባ አንዱን በር በርግዳ ከፈተችው።

ሌላ አስላክ ነበረ። ወደብ ላይ ዓሣ የሚሸጥ፣
ላምናው የገና ግብዣ ዋጋ የጠየቅነው፤
እኛ የረሳነው፣ ማሽኑ ያልረሳው።

ማንም አላየኝም። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። የኔ ዝምታ
ደረጃው ሳያልቅ ነቀዘ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ባፍታ።

ቶሩን ልትወጣ አንድ እጇ ላይ ጓንት አጥልቃ ነበረች።
ነገርኳት። አልጮኸችም። ጓንቷን አወለቀች፤ ሰዓቷን አየች።
«ለተቆጣጣሪው እስክንናገር ሰባ ሁለት ሰዓት አለን» አለች።
«መቼ? ለማን? ስንት ልጅ?» እያለች በእርሳስ ጻፈች።

ይህችው ቶሩን ናት በመጋቢቱ ስብሰባ የለመነች፦
«የሚወጣ ደብዳቤ ሁለት ደቂቃ በር ላይ ይቁም» ያለች፣
«የከረመ ዝርዝር ይጥፋ፤ ያልሰበሰቡት አይፈስም» ያለች፣
ቃለ ጉባኤው ላይ «ለሚቀጥለው በጀት» ተብላ የታለፈች።
እኔም እዚያ ነበርኩ። ብስኩት እየበላሁ። እጄን አላወጣሁም።

ማታ ዓሣ ሻጩ ደወለ። «ከፈትኩት፤ ሁለት መስመር አነበብኩ፤
ሦስተኛው ላይ የጎረቤቴን ስም ሳይ ዘጋሁ፣ ደነገጥኩ።
ከማሽኑስ አጠፋሁት» አለ፤ ትንፋሹ ተሰማኝ፣ ሲያመነታ፣
«ከራሴ ላይ ግን በየት በኩል ላጥፋው፣ ጌታ?»

ካፍ የወጣ አፋፍ ይደርሳል፤
ከጣት የወጣስ ማን ይከተለዋል?

ቅዳሜን ሙሉ፣ እሑድን ሙሉ፣ በየቤቱ ደወልን።
የሰደበን አለ። የስልኩን ድምፅ ሲሰማ ያለቀሰ አለ።
አንድ አያት ሦስት ጊዜ አስደገመኝ፤ ጆሮው ደክሞ ነበር፤
ጥፋቴን ሦስት ጊዜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ተናገርኩ።
አንዲት እናት ግን አልተቆጣችም።
«ሳጥኖቹን ገና ፈትቼ አልጨረስኩም ነበር» አለች።
ከዚያ የማሸጊያ ፕላስተር ሲቀደድ ሰማሁ፣
ስልኩን ሳትዘጋ።

አሁን ደብዳቤያችን ሁሉ ሁለት ደቂቃ በር ላይ ይቆማል።
በጀቱ በአንድ ሳምንት ተገኘ፤ ካፈሰሱ በኋላ ገንዘብ ይገኛል።
እኔም አብሬው እቆማለሁ፤ ስሙን ፊደል በፊደል አነባለሁ፤
ጣቴን ከቁልፏ ላይ አነሳለሁ፤ እንደገና አነባለሁ።

አሥራ ሰባተኛው መስመር፣ የስምንት ዓመቷ ልጅ፣
በጥር ሌላ ከተማ፣ ሌላ ትምህርት ቤት ጀመረች።
አዲስ ስሟን አላውቅም።
ማወቅም የለብኝም።