ከባርኔጣው በታች

ውሃን መግፋት ቀላል፤ ጎመንም ይገፋል፤
ጠዋት ከጓሮዬ፣ ጤዛው ተንከባሎ ከቅጠሉ ይረግፋል።
ዘይት ነው ፈተናው፣
ሰተት ብሎ ገብቶ፣ ሳይጠሩት የሚተኛው።

እዚህ ኮምቦልቻ፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣
ወንድሜ ሙሄ አለ፣ ከመኪና ሆድ ሥር ተንጋሎ ወርዶ።
ቱታው ሰማያዊ ነበር ይላል እሱ፤
አንገትጌው ሥር ብቻ ቀርቷል ትንሽ ቅርሱ።
«የተማርሽው እህቴ፣ ዘይት የማይደፍረው
ልብስ የለም ወይ?» አለኝ።
ቀልዱን ነበር እሱ፤ እኔ ነኝ ያመንሁት፣
ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ማታ ማታ ላብራቶሪ የቆየሁት።

መጀመሪያ ተከልሁ ደቃቅ ምሰሶዎች፣
ከፀጉር የቀጠኑ፣ እልፍ አእላፍ ችካሎች።
ውሃ ላያቸው ላይ ድቡልቡል ሆኖ አለፈ፤
ዘይቱ ግን በወገባቸው ቁልቁል ወርዶ፣ ሥራቸው ገብቶ አረፈ።

ክረምት ነበር ያኔ። ዝናብ ሲያካፋብኝ፣
ዘምዘም ቤት ክፈፍ ሥር ተጠግቼ ቆምኩኝ።
ጠብታዋን አየኋት፣ ከቆርቆሮው ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ቀርታ፣
ግድግዳው ጋ መድረስ እየፈለገች፣
ወደ ውስጥ መታጠፍ አቅቷት፣ ፈርታ።
ምሰሶዬን የጎደለው ለካስ ባርኔጣ ነው!
እንደ እንጉዳይ ራስ ጫፉ ሰፋ ያለ፣ ከሥር የመነመነው።

ከባርኔጣው በታች ምን አለ? ምንም።
ጠብታን የሚሸከም
ግድግዳ አይደለም፤
ያልተሞላ ቦታ ነው፣ የታሰረ አየር፣
ዘይት ሊገባበት ጎንበስ ማለት ያለበት በር።

ጥቅምት ላይ ጨርቄን በጠብታ ፈተንኩት።
የኑግ ዘይት፦ ተንከባለለ። ላምባ፦ አንገራገረ፣ ግን ሄደ።
የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ ከሙሄ ጋራዥ በሃይላንድ ያመጣሁት፣
ጥቁር ዶቃ ሆኖ ከጠረጴዛው ወረደ።
ጮኽኩ። ዘበኛው አቶ ይመር
ባትሪውን አብርቶ፣ «እሳት ነው?» ብሎ መጣ።
«ዶቃ ነው» አልኩት።
ራሱን ነቅንቆ ወጣ።

ሙሄ እጅጌው ላይ አሰፋው፤ አራት ቀን ከረመ።
በአምስተኛው ሚስቱ፣ ልማዷ ነውና፣
ፈተገችው በሳሙና፤
ምሰሶው ተጋደመ።
ዘይቱም እንደ ቀድሞው ሰተት ብሎ ገባ፣
የአውራ ጣቱ አሻራ ጨርቁ ላይ ታተመ።
ቀዶ መለሰልኝ።
«አብሽሪ» አለኝ፣ «አራት ቀንም ቀን ነው።»

በማይክሮስኮፕ አየሁት፤ ነፋስ የጣለው ደን።
ከወደቁት መሐል፣ አሻራው ጠርዝ ላይ፣
አንዲት ምሰሶ
ባርኔጣዋን ዘመም አድርጋ ቆማለች።
ከሥሯ አየር አለ።