ማብሪያ ማጥፊያ

እንዳላማው ጀልባ ሠራ፣ ሽምብጥ ከቤቱ ጓሮ፣
ካቻምና በርሜል ቀዶ፣ ብረት በይዶ ዘንድሮ፤
ዳሽቦርዱን ከተማሪ ዴስክ ክዳን አወጣው፣ ሰባት ቀዳዳ ሰርስሮ።
ከዚያ እኔን ጠራኝ፣
«ጽሕፈት ታውቂያለሽ፤ ለቁልፎቹ ስም አውጪልኝ» አለኝ።

እኔ በዓሣ ማኅበር ኪሎ መዝጋቢ ነኝ።
አምባዛ ይህን ያህል፣ ቆሮሶ ይህን ያህል፣ ለማን ጎደለ፣ ማንን ተረፈው፤
ሃያ ዓመት የጻፍኩት እርጥብ ወረቀት ላይ ነው፣ ከዓሣው ጋር የሚከረፋው።

ነጭ የጥፍር ቀለም ነበረኝ፣
ለእኅቴ ልጅ ሠርግ ገዝቼ ያልጨረስኩት፤
በዚያው ብሩሽ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ከግራ ጀመርኩት።

መብራት።
ሞተር።
ጡሩምባ።
ፓምፑን «ውሃ በዪው» አለኝ።
«የሚገባው ነው የሚወጣው?»
አሰበ። «የሚገባው የማንንም ቁልፍ አይጠብቅም።»
ውሃ አልኩት።
ማራገቢያ። ራዲዮ።
ሰባተኛው ሽቦ የለውም፤ ቀዳዳው በስሕተት ተበስቶ
አፉን ከፍቶ እንዳይቀር ቁልፍ የወተፉበት ነው።
«ምንም ልበለው?»
«ተዪው፣ አንድ ቀን ሥራ ያገኛል፤
የእኔም ልጅ ዲፕሎማውን ይዞ እንደዚያው ተቀምጧል።»

ቀረ ከላይና ከታች።
ከላይ «በራ» ጻፍኩ፤ ብሩሼን ወደ ታች ሳወርድ
እጄን ያዘኝ።
«ጀልባ ላይ ‹ጠፋ› አይጻፍም።

ወንድሜ ባንታየሁ ከዘጌ እንጨት ጭኖ ሲመለስ፣ በሐምሌ ነፋስ፣
ታንኳው ደንገሉ ተፈትቶ መጣ። እሱ የለም።
ለእናቴ ሊነግሯት የመጡት ሰዎች ‹ሞተ› አላሏትም፤
‹ጠፋ› ነው ያሏት።
ጠፋ ያሉት ነገር ደግሞ ይፈለጋል፤
አሥራ አንድ ዓመት በየወደቡ ቆማ የሰው ፊት ስታይ ኖረች።
እኛ ቤት አምፖል ሲቃጠል እንኳ ጠፋ አይባልም፣
‹ጨለመ› ነው የምንል።»

«ታዲያ ‹አረፈ› ልበለው?» አልኩና ምላሴን ነከስኩ።
እሱ ቀድሞኝ ሳቀ።
አረፈ የሚባለውስ ድንኳን የተተከለለት አይደል?
«‹ተኛ›?» «ነጂው አይቶ እንዳይተኛ!»
«‹ተዘጋ›?» «በር ነው እንዴ?»
«‹ዝም›?» «እሱስ ለጡሩምባው ይሁን፤ ሞተር ዝም ካለማ አለቀልን።»
አማርኛ እንዲህ የሚጠብ አይመስለኝም ነበር።

ቀለሙ እስኪደርቅ ጎንበስ ብዬ እፍ ስል
ከመብራቱ ቁልፍ አጠገብ፣ ከቫርኒሹ ሥር፣
በምላጭ የተጫረ፦ «አበራ፣ 7ኛ ለ»።
እኔ ሳልጽፈው የተጻፈ።
እንዳላማው ጣቱን አስኬደበት፤
«ይኼም ልጅ አሁን አርባ ሞልቶታል» አለ።

የታችኛውን ባዶ ተውነው።
ላይ ያልሆነ ታች መሆኑን ማን ያጣዋል።

በማግስቱ አመሻሽ እምቦጩን በመቅዘፊያ እየገፋን ገባን።
«መብራት» አልን፤ በራ።
«ውሃ» አልን፤ ጡሩምባው ጮኸ!
ከደንገሉ ውስጥ ጉማሬ መለሰልን፤
ዳር የቆሙት ልጆች ሆዳቸውን ያዙ።
«ጡሩምባ» አልን፤ ፓምፑ የቋጠረውን ጭቃ ውሃ
ጫማዬ ላይ ተፋ።

«ልፋቀው፣ አሴቶን ይዣለሁ» አልኩ፣ አፍሬ።
እሱ ግን ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ፣ ፒንሳውን ይዞ፣
ከዳሽቦርዱ ሥር በጀርባው ገብቷል።
«ጽሕፈቱ አምሯል» አለኝ ከዚያው፣ ባትሪው አፉን ሞልቶት፣
«ሽቦውን አዛውራለሁ።»

ሃያ ዓመት ሙሉ
ዓሣው ሲቀንስ መዝገቡን፣ አለቃው ሲቆጣ መዝገቡን፣
ሁልጊዜ የምሰርዘው እኔ።
ምን ብዬ ልመልስለት? ውሃውን አየሁ።

ስንመለስ ፊደሉ አይታይም ነበር፤
በአውራ ጣቱ ከግራ እየቆጠረ ነው የነዳን።
ወደቡ ስንደርስ የመጀመሪያውን ቁልፍ ወደ ታች አወረደው።

«ጨለመ» አልኩ፣
እንደ ቤተኛ።